ድጋሚ ቆጠራ ወይስ ድጋሚ ምርጫ?
ጎንደር ፒያሳ፣ ቡና ላይ ክርክሩ ጦፏል። የእድራችን ሊቀመንበር በሦስት ድምፅ ብቻ አልፏል። ተሸናፊው ወገን "ይደገም!" ይላል። ምኑ? ቆጠራው ወይስ ምርጫው?

ቆጠራ ርካሽ ነው። ግን ወረቀቱ ራሱ ካወዛገበስ? አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2000 የፕሬዚዳንት ምርጫ ጉድ የፈላው በዚህ ነው፤ በደንብ ያልተበሳ የድምፅ መስጫ ካርድ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከረመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስቆመው፤ ጆርጅ ቡሽ እዚያ በ537 ድምፅ አለፉ።

ምርጫ መድገም ወጪ ነው፤ ሰውም ይሰለቻል። ኦስትሪያ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሬዚዳንት ምርጫዋን ደገመች። ማጭበርበር ባይገኝም፣ በፖስታ የተላኩ ድምፆች ያለ ሰዓታቸው ስለተከፈቱ የአሸናፊው የ30,863 ድምፅ ብልጫ ተሰረዘ። ያው ሰው፣ ቫን ደር ቤለን፣ በሰፋ ልዩነት አሸነፉ።

እኔ ለቆጠራ ነበርኩ። ችግሩ፣ ሳጥናችን የፓስታ ካርቶን ነው፤ ፕላስተሩም ተላጧል።