«ጥቁር ቀበቶ እናረጋግጥልሃለን» ለሚላችሁ ማሰልጠኛ ቶሎ አትፈርሙ

ማርሻል አርት ልትጀምሩ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ «ራሴን መከላከል ልቻል፣ ሰውነቴም ይጠንክር» ብላችሁ ለተነሳችሁ ነው የምጽፈው። እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ቶሎ ይታለላል። ገና ጀማሪ ስለሆነ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት መንገድ የለውም። ሻጩ ደግሞ ይህን በደንብ ያውቃል።

የማስጠነቅቃችሁ ስለ አንድ ዓይነት ውል ነው። ስሙ ይለያያል። አንዱ ጋ «የጥቁር ቀበቶ ፕሮግራም» ነው፣ ሌላው ጋ «ሙሉ ጥቅል» ነው። ውስጡ ግን ያው ነው። የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ክፍያ በአንዴ ትከፍላላችሁ፣ ወይም ለዚያን ያህል ጊዜ በየወሩ ልትከፍሉ ትፈርማላችሁ። በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ጥቁር ቀበቶ እንደምታስሩም ቃል ይገባላችኋል። መጀመሪያ ነጻ የሙከራ ልምምድ አለ። ደስ ይላል፤ ሁሉም ያጨበጭብላችኋል። ከዚያ ላባችሁ ሳይደርቅ ቢሮ ትጠራላችሁ። «ዛሬውኑ ከተመዘገባችሁ ቅናሽ አለ» ትባላላችሁ።

እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁ። ወርሃዊ ክፍያው የሚከብድ አልነበረም። የከበደው ውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው። የቀበቶ ፈተና ለብቻው ይከፈላል። ቀበቶው ለብቻው፣ የምስክር ወረቀቱም ለብቻው። ልብሱ፣ ጓንቱ፣ የእግር መከላከያው ከእነሱ ብቻ ነው የሚገዛው። ከሌላ ቦታ የገዛሁትን ደህና ጓንት «የክለቡ ምልክት የለውም» ብለው አናስገባም አሉኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ በሁለት ቀበቶዎች መሃል ጭረት የሚባል ደረጃ መጣ። ለጭረቱም ፈተና አለው። ለፈተናውም ክፍያ አለው። ፈተና የወደቀ ሰው አንድም አላየሁም። እንቅስቃሴው መሃል ላይ ጠፍቶት የቆመ ልጅ እንኳ ቀበቶው ተሰጥቶታል።

የምማረው ነገር ቢኖር ገንዘቡ ባላናደደኝ ነበር። ስፓሪንግ፣ ማለትም ከባልደረባ ጋር የሚደረገው የልምምድ ፍልሚያ፣ መቼ እንደሚጀመር ስጠይቅ «ለከፍተኛ ቀበቶ ነው» ተባልኩ። ከፍ ስል መልሱ ተለወጠ። «የእኛ ስልት ለስፓሪንግ አይሆንም፣ በጣም አደገኛ ነው» አሉኝ። ስለዚህ አየር እንመታለን፣ ጣውላ እንሰብራለን። እጁን ዘርግቶ ከቆመ ባልደረባ ጋር የተጠና እንቅስቃሴ እንሠራለን። ባልደረባችን ደግሞ ልክ በሰዓቱ ይወድቅልናል። የሥራ ሰዓቴ ተቀይሮ መቀጠል ሲያቅተኝ ቀሪው ክፍያ አይመለስም ተባልኩ። አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ከእኔ የባሰ የደረሰባቸው አሉ። ታመው ያቋረጡ ሰዎች ሳይቀሩ እስከ ውሉ ማብቂያ ከፍለዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ ብባል፣ «በጣም አደገኛ ስለሆነ አንፋለምበትም» የሚለውን ነው የምመርጠው። ይህን ስትሰሙ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። ለምን እንደምል ላስረዳ።

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲከፍት ይህ ጥያቄ ፊቱ ተደቅኖ ነበር። ጁጁትሱ ከሚባለው የድሮ የጃፓን ትግል የመጡ ብዙ አደገኛ ስልቶች ነበሩ። እነዚያን በሙሉ ኃይል ሰው ላይ መለማመድ አይቻልም፤ ባልደረባህ ይሰበራል። ካኖ አደገኞቹን ከነጻ ፍልሚያው አወጣ። ሳይጎዱ በሙሉ ኃይል ሊሠሩ የሚችሉትን አስቀረ። ተማሪዎቹ በየቀኑ ለመውደቅ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ መልሶም ሊጥላቸው ከሚሞክር ሰው ጋር ታገሉ። ነጻ ፍልሚያው ራንዶሪ ይባላል፤ የጁዶ ጉልበት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ተማሪው ሌላው ሰው እምቢ ሲል ምን እንደሚፈጠር ያውቃል። እጁ ሲያዝ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ ያሰበው ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ድብደባ ውስጥ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ጣውላ ይህን አያስተምርም። ጣውላ አይሸሽም፣ መልሶም አይመታም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ ዩ ኤፍ ሲ የተባለው የድብልቅ ፍልሚያ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከተለያየ ስልት የመጡ ሰዎች እርስ በርስ ተጋጠሙ። በአንድ ምሽት ሦስት ግጥሚያ አሸንፎ የወጣው ሮይስ ግሬሲ ነበር። ግዙፍ ሰው አይደለም። መሬት ላይ በመታገል የሚታወቀው የብራዚል ጁጂትሱ ሰው ነው። ያ ስልት ደግሞ በየልምምዱ እውነተኛ ትግል አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቻይና ቸንግዱ ውስጥ ሹ ሺያኦዶንግ የተባለ የኤም ኤም ኤ (ጡጫ፣ እርግጫና ትግል የተደባለቀበት ፍልሚያ) ተፋላሚ ታይ ቺ ከሚባለው ዝግ ያለ የቻይና ስልት መምህር ጋር ተጋጥሞ ነበር። ጨዋታው ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። መምህሩ በጡጫ ተዘረረ። ይህን ስል ታይ ቺን ማዋረዴ አይደለም። ለሚዛን፣ ለመገጣጠሚያ፣ በተለይ ለዕድሜ ባለጸጎች ጥሩ እንቅስቃሴ ነው። አረጋውያን እንዳይወድቁ እንደሚረዳ በደንብ የታወቀ ነው። ለጤና ብሎ የሚሠራ ሰው ያተርፋል። የሚጎዳው «በዚህ ትደባደባለህ» ተብሎ የተሸጠለት ሰው ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሰው በራስ መተማመን ይገዛል፤ ችሎታ ግን አልተሰጠውም። ሮጦ ማምለጥ ሲችል ይቆማል። በተለይ የቢላ መንጠቅ ትምህርት የሚሸጡትን ተጠንቀቁ። ልምምዱ ላይ ባልደረባው የጎማ ቢላ ይዞ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይወጋል፤ እጁንም እዚያው ዘርግቶ ይጠብቃል። በእውነተኛ ጥቃት ግን ሰውየው እጁን መልሶ ስቦ ደጋግሞ ይወጋል። ሐቀኛ አሰልጣኝ በመጀመሪያ የሚነግራችሁ ሩጡ፣ መሃላችሁ ጠረጴዛ አድርጉ፣ ቦርሳውን ስጡት ነው። ይህን ሳይል በቀጥታ ወደ መንጠቂያው የሚገባ ሰው ጋ ገንዘባችሁን አታስቀምጡ።

ስለ ቀበቶው ደግሞ እንነጋገር። በብራዚል ጁጂትሱ ዋናው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ከ19 ዓመት በታች ላለ ሰው ጥቁር ቀበቶ አይሰጥም። ከዚያ በፊት በሰማያዊ ቢያንስ 2 ዓመት፣ በሐምራዊ አንድ ዓመት ተኩል፣ በቡናማ አንድ ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ይህ ትንሹ ነው፤ ብዙ ሰው ወደ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። በቴኳንዶ፣ ሴኡል ያለው ዋናው የቴኳንዶ ማዕከል ኩኪዎን ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዳን (የአዋቂ ጥቁር ቀበቶ ደረጃ) አይሰጥም፤ ፑም የሚባል የልጆች ደረጃ አለው። ቦክስና ሙአይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ) ደግሞ ከነጭ እስከ ጥቁር የሚወጣ ቀበቶ ሳይኖራቸው ለዘመናት ጠንካራ ተፋላሚዎች አፍርተዋል። ስለዚህ «ልጃችሁ በሁለት ዓመት ጥቁር ቀበቶ ይይዛል» ስትባሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ወረቀቱን የሚሰጠው ማነው? አንዳንድ ቦታ «ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን» የሚባለው የክለቡ ባለቤት ራሱ ያቋቋመው ነው። ያን ወረቀት ይዛችሁ ሌላ ክለብ ብትሄዱ ከነጭ ትጀምራላችሁ።

የትኛው ስልት ይሻላል ለሚለው ብዙ አልከራከርም። ከስልቱ ስም ይልቅ ክለቡ ይበልጣል። ሁሉም ክፍተት አለው። በኦሊምፒክ ቴኳንዶ ፊትን በጡጫ መምታት ስለማይፈቀድ እጅ ዝቅ ማለት ይለመዳል። ጁዶ ውስጥ ጡጫ የለም። ቦክስ ውስጥ ደግሞ የሚያንቅህ ሰው የለም። ጥሩ አሰልጣኝ የራሱን ስልት ክፍተት ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። «የእኛ ሁሉንም ይመልሳል» የሚለውን አትመኑ።

ለአካል ብቃት ብቻ የምትሄዱም ብትሆኑ ሰዓት ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ አለ። አንዳንድ ክለብ ውስጥ የአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ ሰላምታ፣ ንግግር፣ ተራ መጠበቅና የማስተሩን ታሪክ መስማት ሆኖ ያልቃል። ሰውነታችሁ የሚንቀሳቀሰው ከግማሽ ሰዓት በታች ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ ብትሄዱ የትም አትደርሱም። ለዚያ ዋጋ ገመድ ዝላይና ፑሽ አፕ ቤታችሁ ብትሠሩ ይሻላችኋል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ መጥፎ ቦታም አለ። ስፓሪንግ አለ ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትገቡ። ጀማሪን በመጀመሪያ ሳምንቱ ከባድ መቺ ፊት የሚያቆም ክለብ ልክ እንደዚያኛው ያከስራችኋል፤ በጤናችሁ ነው የምትከፍሉት። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው ወይም የደነገዘ ሰው በዚያው ቀን ወደ ልምምድ መመለስ የለበትም። ሐኪም ሊያየው ይገባል። «ጠንከር በል፣ ምንም አይደል» የሚል አሰልጣኝ ካያችሁ ደግማችሁ አትሂዱ። ጥሩው ስፓሪንግ በአብዛኛው ቀለል ያለ ነው። ሰዎቹ ይመታሉ፣ ግን ይቆጣጠራሉ። ሲጨርሱ ይነጋገራሉ። በትግል ደግሞ ባልደረባህ «በቃኝ» ለማለት ሁለት ጊዜ በእጁ መታ መታ ሲያደርግህ ወዲያው መልቀቅ ሕግ ነው። ይህ ሕግ የሚከበርበትን ቦታ ፈልጉ።

ስትመርጡ እንዲህ አድርጉ። ለጎብኚ በተዘጋጀ ቀን አትሂዱ፤ በተራ የልምምድ ቀን ሂዱና ዳር ተቀምጣችሁ እዩ። ማየት ክልክል ነው ከተባላችሁ ነገሩ አልቋል። አሰልጣኙን አትዩ፤ ዓመት የቆዩትን ተማሪዎች እዩ። አሰልጣኙ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ የምትገዙት ግን የእሱን ችሎታ አይደለም። ዓመት የቆየው ሰው እምቢ የሚል ባልደረባ ሲገጥመው ምን ይሆናል? ይደነግጣል ወይስ መላ ይፈልጋል? ትንንሾቹና ሴቶቹ በክብር ይሠራሉ ወይስ የሌላው መለማመጃ ሆነዋል? ከልምምድ በኋላ አንዱን ለብቻው አግኝታችሁ ባለፈው ዓመት በጠቅላላው ስንት እንዳወጣ ጠይቁት። ቢሮ ውስጥ የማይነገራችሁን እሱ ይነግራችኋል።

ቢሮ ስትገቡ ደግሞ ሙሉውን ወጪ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የፈተናውን፣ የቀበቶውን፣ የዕቃውን፣ የዓመታዊ አባልነቱን። በየወሩ እየከፈላችሁ መጀመር ከተቻለ እሱን ምረጡ፣ ቅናሹ ይቅርባችሁ። ሌላ ክለብ ሄዶ መለማመድ ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቁ። «ታማኝነት» እያሉ የሚከለክሉ አሉ። ተማሪው ሌላ ቦታ ሄዶ የራሱን ደረጃ እንዳያውቅ ነው የሚፈሩት። ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ለማንበብ የማይሰጧችሁ ከሆነ ውስጡ ያለው ነገር ለእናንተ አይጠቅምም ማለት ነው።

አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ስለ ማቋረጥ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። በአንዳንድ አገሮች እንዲህ ያለ ውል ከተፈረመ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለቅጣት መሰረዝ የሚያስችል ሕግ አለ፤ ስለዚህ ቶሎ አረጋግጡ። ማቋረጣችሁን በቃል አትናገሩ። በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂውን ያዙ። ከባንክ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ካለ ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ አስቁሙት፤ ቀድማችሁ ካስቆማችሁት ዕዳ ነው ብለው ሊከሷችሁ ይችላሉ። ታማችሁ ወይም ተጎድታችሁ ከሆነ የሐኪም ወረቀት አያይዙ። ገንዘብ አንመልስም ካሉም ቀሪውን ጊዜ ለሌላ ሰው ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ለዚያ ሰው ግን ያያችሁትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩት።