ሦስት የፊልም ጽሑፍ መማሪያ መጻሕፍት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የሲድ ፊልድ «ስክሪንፕሌይ»፣ የሮበርት ማኪ «ስቶሪ» እና የብሌክ ስናይደር «ሴቭ ዘ ካት» እንደ ቅደም ተከተላቸው በ1979፣ በ1997 እና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተሙ፣ የፊልም ጽሑፍ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ስማቸው የማይቀር የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው። ሦስቱንም የተጠቀምኩባቸው አንድ የአማርኛ ፊልም እየጻፍኩ ስለሆነ፣ የምመዝናቸውም በረቂቁ ላይ ባመጡት ለውጥ ነው።

የፊልድ መጽሐፍ ቶሎ የሚነበብ ነው። 120 ገጽ ያህል የሆነን ጽሑፍ በሦስት ገቢር ከፍሎ ለመጀመሪያው 30፣ ለመካከለኛው 60፣ ለመጨረሻው 30 ገጽ ይመድባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገቢሮች መጨረሻ ገደማም ታሪኩን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያዞር ክስተት እንዲኖር ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የተመሠረተው አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው በሚለው የሆሊውድ ስሌት ላይ ሲሆን፣ ስሌቱ ደግሞ ኩሪየር በሚባለው፣ ሆሄያቱ ሁሉ እኩል ስፋት በሚይዙበት ባለ 12 ነጥብ ቅርጸ ፊደል ላይ ይቆማል። ኩሪየር የግዕዝ ሆሄያት የሉትም፤ እኛ በምንጽፍባቸው ቅርጸ ፊደላትም «ሐ» እና «ር» እኩል ቦታ አይወስዱም። በዚያ ላይ የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ መስመሩ ብዙ ንግግር ይሸከማል፤ ምልልስ የበዛባቸውን ገጾች ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ ሳነብ አብዛኞቹ ከደቂቃ ያልፉ ነበር። ስለዚህ የፊልድን ቁጥሮች ሩብ፣ ግማሽ፣ ሩብ በሚል ድርሻ መውሰድና ርዝመቱን በሰዓት መለካት ይሻላል። ከዚህ ውጭ ያለው የመጽሐፉ ክፍል አንድ ጊዜ ከተነበበ ይበቃል።

ስናይደር ይበልጥ ጥብቅ ነው። ታሪኩን በ15 ነጥቦች ከፋፍሎ ለየነጥቡ የገጽ ቁጥር ይሰጣል፤ የባለታሪኩን ኑሮ የሚያናጋው ክስተት ለምሳሌ በ12ኛው ገጽ ላይ እንዲደርስ ይፈልጋል። በዚህ ልክ የተቆረጠ ረቂቅ በውሰት ልብስ ሠርግ የሄደ ሰው ይመስላል። ሆኖም ሰሌዳው ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣል፤ ታሪኩ በ40 ካርዶች ተጽፎ በአራት ረድፍ ይለጠፋል፤ በየካርዱ ላይ የትዕይንቱ ስሜት እንዴት እንደሚለወጥ በመደመርና በመቀነስ ምልክት፣ ማን ከማን እንደሚጋጭ ደግሞ በሌላ ምልክት ይመዘገባል። የመካከለኛው ገቢር ካርዶች ተመሳሳይ ምልክት ይዘው ሲደረደሩ ታሪኩ የት ላይ እንደተኛ ከበሩ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ማኪ ከ450 ገጽ በላይ የጻፈ፣ አንዳንዴም እንደ ሰባኪ የሚናገር ደራሲ በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን ከሦስቱ በእጄ ያረጀው የእርሱ ነው። ትዕይንት ሲከፈት በገጸ ባሕርይው ሕይወት ውስጥ የነበረው ዋጋ፣ እምነትም ይሁን ነፃነት ወይም ፍቅር፣ ትዕይንቱ ሲዘጋ ካልተለወጠ ያ ትዕይንት ለምን እንደተጻፈ ጸሐፊው መልስ ሊኖረው ይገባል ይላል። ከ«ካዛብላንካ» አንዱን ትዕይንት ወስዶ እያንዳንዱን ድርጊትና ምላሹን የሚተነትንበት ክፍል ሌላ ቦታ ያላገኘሁት ትምህርት ነው። ይህን መመዘኛ ይዤ ወደ ረቂቄ ስመለስ፣ ሰዎች ቡና እየጠጡ አንባቢ የሚያውቀውን ነገር የሚነጋገሩባቸው ትዕይንቶች አንድ በአንድ ወደቁ። የአማርኛ ፊልሞቻችን ይህን ፈተና በብዛት ቢወስዱ ስንት ሳሎን ባዶውን በቀረ!

የማኪ ድክመት ምልልስ ላይ ነው፤ ጉዳዩን በመጨረሻ አካባቢ በአጭሩ ይነካዋል፤ ራሱን የቻለ መጽሐፍ የጻፈበትም በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ሰው አባቱን የሚያህል ሰው «አንቱ» ሲል ቆይቶ በጠብ መካከል «አንተ» ሲለው የሚፈጠረውን ለውጥ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደግሞ መጠበቅ አይገባም፤ እርሱን ከሀገር ተውኔቶችና ከጎረቤት ጠብ መልቀም ነው።

በገጽ ቁጥር የሚያምን ሰው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከመጻሕፍቱ አጠገብ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። ከጀርመን የተመለሰውን ምሁር አንበርብርን በትውልድ መንደሩ አስቀምጦ በትዝታ በዘመናት መካከል የሚመላለሰው ይህ ፊልም፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል በፊልም ጽሑፍ ዘርፍ ተሸልሟል። የስናይደርን ነጥቦች ልለጥፍበት ሞክሬ አልገጠሙም፤ የማኪ የዋጋ ለውጥ ግን በየትዕይንቱ ይሠራል።

ረቂቅ ያለው ሰው የማኪን መጽሐፍ በወረቀት እንዲገዛ እመክራለሁ፤ በትንተናውና በራሱ ገጽ መካከል መመላለስ በስልክ አይመችም። ሐሳብ ብቻ ያለው ሰው ከስናይደር ሰሌዳ ይጀምር፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ እስኪጨርስ ግን የገጽ ቁጥሮቹን አይመልከት። የፊልድን መጽሐፍ ከጓደኛ ተውሶ መመለስ ይበቃል።