ልጄን በማንኪያ ለመለሰችልኝ ሲስተር

ደሴ ላይ ትንሽ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ይህን አንብቡልኝ። ሲስተር ስሜን አትጻፊ ብላኛለች፤ አልጽፍም። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ከ5 ዓመት በታች ክፍል ነው የምትሠራው።

ልጄ 11 ወሩ ነው። እሑድ ማታ ማስመለስ ጀመረ፤ ሌሊቱን ተቅማጡ ተከተለ። እንደ ውሃ ነው የሚወርደው። ሰኞ ጠዋት አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ "ማቆሚያ ስጡኝ" ብዬ ሽሮፕ ይዤ ተመለስኩ። ለምለምም፣ ያንን በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት (ORS)፣ ገዝቼ ነበር። ግን ቶሎ እንዲሠራ ብዬ አንዱን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጠበጥኩት። አማቴ ድዱን ዳበሱና "ግግ ነው፣ ይውጣለት" አሉ። ማክሰኞ ሲነጋ ልጁ ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። ጋቢ ጠቅልዬው በባጃጅ በረርኩ።

ሲስተር የሰረጎደ ዓይኑን እንዳየች ከወረፋው አውጥታ አስገባችን። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቀስ እያለ ነው የተመለሰው። "አየሽ እናቱ? ውሃ አልቆበታል" አለችኝ። ለምለም በማንኪያ ስታቀርብለት እጇን ጎተተው። "መጠማቱ ደህና ነው። መጠጣት ቢያቅተው ወይም ቢፈዝብን ሆስፒታል ነበር የምልክሽ።"

መዘነችው፤ 8 ኪሎ። 600 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት አለች። አንድ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠበጠችና ሃይላንዱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረችልኝ። የኔን ብርጭቆ ስነግራት አልተቆጣችም። "ሲወፍር ጨዉ ይበዛል፤ ያለችውንም ውሃ ከሰውነቱ ይስባል" ብላ አስረዳችኝ። ሲያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቄ እንደገና በዝግታ፣ ማንኪያ በማንኪያ። ሌላ ልጅ እያየችም በመሃል ብቅ ትላለች፤ መስመሩን አይታ "አይዞሽ" ትለኛለች። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ጭኔን ሞቀኝ። ልጄ ሸንቶብኛል። እንባዬ መጣ።

ሽሮፑ አንቲባዮቲክ ነበር፤ አስቆመችው። ሰገራው ደም የለውም፤ አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ደግሞ ከቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይረዳውም አለች። ዚንክ ሰጠችኝ፤ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን። ጡቱም ገንፎውም አይቋረጥበትም። ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ስኒ ያህል ለምለም ይጠጣል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል።

አማቴንም አስጠርታ አነጋገረቻቸው። እጃቸውን ይዛ፣ "እማማ፣ ድዱ ያበጠው ጥርስ ሊያበቅል ነው። ግግ ብለን ብናስነካው ይደማል፣ ይመረቅዛል፤ ተቅማጡ ግን አይቆምም" አለቻቸው። ሰሟት። እኔ ብናገር ኖሮ እንዲህ የሚሰሙኝ አይመስለኝም።

ሐሙስ ባለቤቴ ተራውን ወደቀ። መጀመሪያ "ጨጓራዬ ተነሳ" አለ፤ ማታ ትውከትና ተቅማጥ ሆነ። ግሉኮስ ካልተሰካልኝ ብሎ አስቸገረ። ሲስተርን ደውዬ ጠየቅኳት። አዋቂም እስከጠጣ ድረስ ያው ለምለም ይበቃዋል፤ ደም ካየ፣ ከባድ ትኩሳት ከያዘው፣ ሲነሳ ከዞረበት ወይም ሽንቱ ከጠፋ ግን ይምጣ አለችኝ። እንደ ሩዝ ውሃ በብዛት የሚወርድ ከሆነ ግን አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሊሆን ስለሚችል፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ቤት ውስጥ አይጠበቅም። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። ሕፃኑን አጥቤ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ እንጀራ አቅርቤ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አሁን ሳሙናው በር ላይ ነው።

ልጃችሁ ተቅማጥ ከያዘው እንደኔ ሁለት ቀን አታባክኑ። ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የኛ ሰፈር ሰዎች፣ ከ5 ዓመት በታች ክፍሉ ካርድ ክፍሉን አልፎ በስተግራ ነው።

ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቴም ዱዓ እያደረጉልሽ ነው። ቡናው ላይ ተረኛ ነኝ ብለሽ ቀርተሻል፤ ቅዳሜ እንጠብቅሻለን።