ዘፈንን በቁርጥ መሸጥ ይሻላል ወይስ በራስ ቻናል መልቀቅ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ነጠላ ዜማ የጨረሰ ልጅ ሁለት ምርጫ አለው። ለአሳታሚ በቁርጥ፣ ማለትም አንዴ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል፣ ወይ በራሱ የዩቲዩብ ቻናል ይለቃል።

ቁርጡ ለቸገረው ሰው ደግ ነው። የስቱዲዮው፣ የመሰንቆ መቺው፣ የክሊፑ ዕዳ ባንዴ ይዘጋል። ጣጣው ውሉ ላይ ነው። «ሙሉ መብቴን አስተላልፌያለሁ» የምትል መስመር ላይ ከፈረመ፣ ዘፈኑ በኋላ ቢፈነዳም ብሩ የገዢው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የሥራ አመንጪውን (የፈጠረውን ሰው) የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱን፣ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ለጥቂት ወር የቤት ኪራይ መልቀቅ፣ ኧረ ያስቆጫል! (አምባሰልና ባቲ ቅኝቶቹ የሁላችንም ናቸው። የሚሸጠው የልጁ ዜማ፣ ግጥምና ድምፅ ነው።)

የራስ ቻናል ትዕግስት ይጠይቃል። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ ለመካፈል በተለመደው መንገድ 1,000 ተከታይና በ12 ወር 4,000 የዕይታ ሰዓት ይፈለጋል። ከዚያ ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶው የባለቻናሉ ነው።

እኔ ብሆን አንዷን ዘፈን ሸጬ ዕዳዬን እከፍልና የቀሩትን በስሜ እለቃለሁ። የምሸጣትም ብትሆን ውሉ ላይ የጊዜ ገደብ ይጻፍባት። አሳታሚው እምቢ ካለ ሌላ እፈልጋለሁ።