ሽሮ ማማሰያ የሆነው የቮልሴ ማርሽ እና ታፔላ የሌለው ጋራዥ

አባቴ የተወልኝ ቮልስ የ1968 ሞዴል ናት። በፈረንጅ ማለቴ ነው፤ በኛ 68 ብትሆን ኖሮ ስምንት ዓመት ታንስልኝ ነበር። ጎንደር ውስጥ እሷን ይዞ መዞር ደስ ይላል። ሽማግሌ ሁሉ አስቁሞ ያወራሃል፤ አንዱ የነዳበትን ዘመን፣ ሌላው የሸጠበትን ዋጋ እያነሣ ይቆጫል።

ከዓመት ወዲህ ግን ማርሿ ላላ። መጀመሪያ ትንሽ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እየቆየ መለወጫውን ስይዘው ሽሮ የማማስል ይመስለኝ ጀመር። ማርሽ ገብቶ እንኳ ወዲያና ወዲህ ይላል። አንድ ቀን ከጎሃ ሆቴል ቁልቁለቱን ስወርድ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ልቀንስ አልኩ፤ ሁለተኛ የለም። ብፈልግ፣ ብጎትት፣ ብጫን የለም፤ እንዲሁ በፍሬን ብቻ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ታች ደረስኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ፒያሳ መሃል ሁለተኛ ያስገባሁ መስሎኝ የኋላ ማርሹ ጥርሱን አንቋቋብኝ። ቮልስ ላይ የኋላ ማርሽ የሚገባው መለወጫውን ወደ ታች ተጭነህ፣ ወደ ግራ ገፍተህ፣ ወደ ኋላ ስትስበው ነው፤ ጎረቤቱ ሁለተኛ ነው። ሲላላ ሁለቱ ይምታታሉ። ከኋላዬ የነበረው የባጃጅ ልጅ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ልጁ በር ከፍቶ ሁለቴ ወዘወዘና «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። 18,000 ብር ለእጅ ብቻ። ቮልስ ላይ ካምቢዮ ለማውረድ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩ መውረድ አለበት። ሞተሩን የያዙት አራት ብሎኖች ስለሆኑ ያን ያህል ከባድ ሥራ ባይሆንም፣ ሳያዩ ሞተር ማውረድ ምን የሚሉት ነው? አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

የአጎቴ ልጅ ነው ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጋ የላከኝ። ታፔላ የላቸውም። ቆርቆሮ በር፣ አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ጎማ የሌላት ፔጆ 404 ደጃፉ ላይ፤ በሷ ትለዩታላችሁ። መኪናዋን አላዩም መጀመሪያ። ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ማርሹ ይጮኻል ወይስ ይጠፋል?»

«ይጠፋል ጋሼ።»

«የሚጮኸው ካምቢዮ ነው። የሚጠፋው መንገዱ ነው።»

ከዚያ አስረዱኝ። የቮልስ ሞተርም ካምቢዮም ከኋላ ነው፤ እጅህ ያለው ከፊት። መሃል ላይ፣ በወለሉ ጉብታ ውስጥ፣ ረጅም ዘንግ አለ። ዘንጉ ከፊት በኩል መለወጫው ሥር አንዲት የፕላስቲክ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉን አቅፋ የምትይዝ ቀለበት፣ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ከኋላ ደግሞ ጎማ ባለው ማገናኛ ከካምቢዮው ጋር ይያያዛል። ቡሿ ስትበላ ወይም የማገናኛው ጎማ ሲፈርስ እጅህ አንድ ቦታ፣ ዘንጉ ሌላ ቦታ ይሆናል። ካምቢዮው ምንም አላጠፋም።

የኋላ ወንበሩን አነሡት። ባትሪው እዚያው በቀኝ በኩል ነው፤ መጀመሪያ እሱን ነቀሉ፣ ይህን የሚያደርግ መካኒክ ብዙ አላየሁም። ጉብታው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን በካቻቢቴ ከፈቱና እኔን ፊት አስቀምጠው «አንቀሳቅስ» አሉኝ። ቤታችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦ አንድ ሰው ማርሹን ይነካል፣ አንዱ በቀዳዳው ያያል። መለወጫው ሲሄድ ዘንጉ ዘግይቶ ከተከተለ የፊቷ ቡሽ ናት። ዘንጉ ዞሮ ካምቢዮው ጋ ያለው ጫፍ ከቀረ ማገናኛው ነው። የኔ ሁለቱም ነበር። የማገናኛው ጎማ እንደ ደረቀ ዳቦ በእጃቸው ተፈረፈረ። ከፊቷ ቡሽ የቀረው ደግሞ የያዛት የሽቦ ቀለበት ብቻ ነው፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ኖሯል። ለካ ያ ስነዳ የምሰማው መንቀጫቀጭ እሱ ነበር፤ እኔ የበር ድምፅ መስሎኝ በሩን ስንት ጊዜ አስጠብቄዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስደነገጣቸው። ማገናኛውን ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የሚይዘው ብሎን ጭንቅላቱ አራት ማዕዘን ነው፤ እንዳይፈታ በሽቦ ይታሰራል። የኔ ሽቦ የለውም። ከዚህ በፊት የነካው ሰው ሳያስር ትቶታል፤ ብሎኑ በጣት ይዞር ነበር። «ይህ ቢወልቅ ሊማሊሞ ላይ አንድም ማርሽ አታገኝም» አሉኝ። ቁልቁለቱ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ዕቃው ጎንደር አልተገኘም። ወንድሜ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ዞሮ ሁለቱንም ገዝቶ ላከልኝ፤ ሳምንት ፈጀ። የማገናኛውን ቶርኔሪያ አስቀርጸን በብረት እንሥራው ብዬ ነበር፤ ተቆጡኝ። ጎማ የሆነው የሞተሩን መንቀጥቀጥ እጅህ ድረስ እንዳያመጣ ነው አሉ። ልክ ናቸው።

ሥራው ላይ ቅር ያሰኘኝም አለ። ሁለት ሰዓት ይበቃል ብለውኝ ጠዋት ገብቼ የወጣሁት ሊመሽ ሲል ነው። መሃል ላይ ለቅሶ ሄዱ! መኪናዬ ወንበሯ ወልቆ፣ እኔ የባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ፤ ምን ልል ነው፣ ለቅሶ ነው። ረዳት የላቸውም። ደረሰኝ የላቸውም። ወንበሬ ላይ የግሪስ ጣት አሁንም አለ፣ ምንጣፉም ተጣሞ ነው የተመለሰው።

ሲመለሱ ግን እጃቸውን ማየት ነበር። መለወጫውን የያዙትን ሁለቱን ባለ 13 ቁጥር ብሎኖች ከመፍታታቸው በፊት ቦታውን በምስማር ጭረው ምልክት አደረጉ። ከሥሩ አንዲት ስስ ላሜራ አለች፤ የኋላ ማርሽ ሳትፈልገው እንዳይገባ የምትከለክለው እሷ ናት። ተገልብጣ ከገባች ማርሽ ስትፈልግ ትውላለህ። አዲሷን ቡሽ በግሪስ ቀብተው አስገቡ፣ ማገናኛውን ቀየሩ፣ ብሎኑን አጥብቀው በሽቦ አሰሩት። ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ኋላ፤ መጀመሪያ ቆመን፣ ቀጥሎ ሞተር አስነሥተን፣ በመጨረሻ አዘዞ ድረስ ነድተን። ሁለተኛ ላይ ትንሽ ጠጠር አለችባቸው፤ ተመለስን፣ ብሎኖቹን አላልተው መለወጫውን በጣም ትንሽ ወደ ፊት ገፉት። አለቀ።

ለእጅ 2,500 ብር ከፈልኩ፣ ዕቃው ከነመላኪያው 1,900 መጣ። ያኛው ካምቢዮዬን ሊያወርድ የነበረው በ18,000 ነው። አሁን ሦስት ወር ሆነኝ፣ ጎሃን በሳምንት አንዴ እወጣለሁ እወርዳለሁ፣ ማርሹ በሁለት ጣት ይገባል።

አዲስ መኪና ላላችሁ፣ ኮምፒውተር ምናምን ለሚፈልግ፣ አትሂዱ፤ እሳቸውም አይነኩትም። ቮልስ፣ ፔጆ፣ አሮጌ ፊያት ካላችሁ ግን ሂዱ። ዕቃውን ቀድማችሁ ግዙ። ቀጠሮ እንዳትይዙ፣ ስልክ አያነሡም፤ ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ በአካል ድረሱ። ዋጋውን ግን ቡና ሳይጠጡ እንዳትጠይቋቸው።