ቁስቋምን ከደጁ አስጎብኚ ጋር

ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ፋሲል ግቢን አይቶ፣ ጊዜ ከተረፈው ነው ቁስቋም፣ ኮረብታ ላይ ያለው የማርያም ደብርና የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ የሚሄደው። እኔ ግን ለብቻው ግማሽ ቀን ያዙለት እላለሁ። ከፒያሳ በባጃጅ ሩቅ አይደለም።

አክስቴንና ልጆቿን ይዤ ወጥቼ ነበር። በር ላይ ያገኘነው ወጣት ዲያቆን አስጎበኘን። ከዚህ በፊት ከከተማ ይዤው የሄድኩት አስጎብኚ ሲያጣድፈን ነበር የዋለው። ይኼኛው ግን ግንቡ ሥር አቆመንና ቀዩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን አንድ በአንድ አሳየን። መስቀሎች፣ እንስሳት፣ አንበሳ ላይ የተቀመጡት የዋልድባው አባ ሳሙኤል። ልጆቹ አንበሳውን ቀድመው ለማግኘት ተሽቀዳደሙ።

ደብሩን የተከሉት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። መንግሥቱን እሳቸው ያዙ። ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥታቸውን ከከተማው ወጣ አድርገው እዚህ ኮረብታ ላይ አሠሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ያከመው እዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ልብ ይሰብራል። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደለ። እቴጌም ቀሪ ዘመናቸውን በቁስቋም በሐዘን አሳልፈው በ1773 አረፉ። የእቴጌ፣ የልጃቸው ኢያሱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ አፅም መስታወት በተገጠመለት ሣጥን ውስጥ አለ። አክስቴ እዚያ ስትደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ብዙ ቆመች፤ ዲያቆኑ ዝም ብሎ ጠበቃት። ለኔ ጥሩ አስጎብኚ ማለት ይሄ ነው።

የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን በወረሩ ጊዜ አቃጥለውታል። አሁን ያለው በኋላ የተሠራ ነው። ቤተ መንግሥቱ ጣራ የለውም፤ ግድግዳው ግን ዛሬም ግርማ አለው። ያሳሰበኝ በላዩ የበቀለው ቁጥቋጦ ነው። ሥሩ በኖራው መሃል እየገባ ድንጋዩን ያላቅቀዋል። ቶሎ ሊነቀል ይገባል።

ለአስጎብኚው የምትከፍሉትን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ጠይቁ። ኅዳር 6 ንግሡ ስለሆነ ግቢው በሕዝብ ይሞላል። ፍርስራሹን ተረጋግቶ ማየት የፈለገ ሌላ ቀን ይምረጥ።