በደሴ የሚሰጠው የዓለም ታሪክ ትምህርት፦ የአሜሪካው ክፍል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የንባብ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሚሰጠው ተከታታይ የታሪክ ትምህርት፣ አሜሪካውያን በባርነት ጉዳይ ሲከራከሩ ቆይተው ወደ እርስ በርስ ጦርነት እንዴት እንደደረሱ የሚያስረዳው ክፍል ከሁሉም የላቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መምህሩ ታሪኩን የሚጀምሩት ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከምክር ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820 በተደረሰው ስምምነት ሚዙሪ ባርነት የሚፈቀድባት፣ ሜይን ደግሞ የሚከለከልባት ግዛት ሆነው እንዲገቡ በመወሰኑ የሴኔቱ ሚዛን እንደተጠበቀ፣ በ1854 የወጣው የካንሳስና የነብራስካ ሕግ ግን ጉዳዩን ለነዋሪው ድምፅ በመተው ያንን ስምምነት እንዳፈረሰና ካንሳስን ለደም መፋሰስ እንደዳረጋት በካርታ እያመለከቱ ያብራራሉ።

በተለይ ያደነቅሁት ያመለጡ ባሮችን ስለማስመለስ በ1850 የወጣውን ሕግ ያቀረቡበትን መንገድ ነው፤ የሰሜኑ ዜጋ ሸሽቶ የመጣን ሰው በማስያዝ እንዲተባበር ሲታዘዝ፣ ባርነት የሩቅ ደቡብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ደጃፉ ድረስ እንደመጣበት በግልጽ ተረድተናል።

ቅር ያሰኘኝ ነፃነቱን ለማግኘት በከሰሰው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1857 የሰጠው ፍርድ በጥድፊያ መታለፉ ነው። ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም፣ ኮንግረሱም በአዳዲስ ግዛቶች ባርነትን መከልከል አይችልም ያለው ይህ ውሳኔ የመስማማትን በር ያጠበበ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይገባው ነበር፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ክርክርን በውሳኔ የዘጉበትን የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ታሪክ እየሰማን ላደግን የወሎ ልጆች፣ ከላይ የተሰጠ ውሳኔ ሁልጊዜ ክርክርን እንደማያበርድ ማስረዳት ባላስቸገረም ነበር። የሊንከን መመረጥና በሚያዝያ 1861 በፎርት ሰምተር ምሽግ የተከፈተው የጦርነቱ የመጀመሪያ ተኩስ ለሚቀጥለው ክፍል ስለተያዙ፣ እስከዚያው ካርታው በፎቶ ኮፒ ቢታደለን መልካም ነው።